ድካሙ ከልቤ ብቻ አልነበረም

የልብ ጥቃት ደርሶብኝ የልቤን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ (ስቴንት) ከገባልኝ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ሕመሜን ሁሉ በልቤና በመድኃኒቶቼ ሳሳብብ ቆየሁ። ደረጃ ስወጣ እግሬ ይከብደኛል። ሰው ሲሞቀው እኔ ሹራብ ደርቤ ይበርደኛል። ሆዴ ይደርቃል፣ ድምፄም ሻክሯል። ድካሙ የልቤ ነው፤ የልብ ምቴ መዘግየት ምትን የሚያዘገየው መድኃኒቴ የሜቶፕሮሎሉ ነው፤ የጭኔ ሕመም ደግሞ ስታቲን ከሚባሉት አንዱ የሆነው የኮሌስትሮል መድኃኒቱ የአቶርቫስታቲን ነው እል ነበር። ስታቲኑንማ ላቆመው ወስኜ ነበር።

ደግነቱ ከማቆሜ በፊት ሐኪሜን ጠየቅኩ። እሳቸውም የደም ውጤቴን ሲያዩ መድኃኒቱን በየቀኑ እየዋጥኩ መጥፎው ኮሌስትሮል የሚጠበቀውን ያህል አለመውረዱን አስተዋሉና አንገት ላይ ያለውን ሆርሞን አመንጪ ዕጢ የሚፈትሽ የታይሮይድ ምርመራ አዘዙልኝ። ታይሮይድን ሥራ የሚያዘው ሆርሞን (ቲኤስኤች) በጣም ከፍ፣ ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን (ቲ4) ዝቅ ብሎ መጣ። ከባድ ሕመም ራሱ እነዚህን ቁጥሮች ለጊዜው ሊያዛባ ስለሚችል ከሳምንታት በኋላ አስደገሙኝ፤ ውጤቱ ያው ሆነ።

የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል። የልብ ምት ይዘገያል፤ ልብ በሁለት ምት መካከል በደንብ መላላት ያቅተዋል። ስታቲን የሚያስከትለው የጡንቻ ሕመምም ታይሮይዱ ባልታከመ ሰው ላይ ይብሳል። የጭኔ ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካውን ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲንን፣ በ25 ማይክሮግራም ጀመርኩ። ትልቁን ስሕተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ለውጥ ስላላየሁ ማንንም ሳልጠይቅ ሁለት ሁለት ክኒን መዋጥ ጀመርኩ። ሳምንት ሳይሞላኝ ልቤ ይመታ ጀመር፤ ስራመድም ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። አዲስ የልብ ጥቃት አልነበረም፤ ግን ያን ሌሊት ለባለቤቴ ያሳየኋትን ድንጋጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሆርሞኑ የልብን የኦክስጅን ፍላጎት ይጨምራል፤ የጠበበ የደም ሥር ያንን ማሟላት ካልቻለ ደረት ይታመማል። ለልብ ሕመምተኛ በትንሹ የሚጀመረው ለዚህ ነው። ደግሞም መድኃኒቱ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አንድ መጠን በደም ውስጥ እስኪረጋ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በሁለት ሳምንት ያየሁት ምንም ነገር ውጤት አልነበረም።

አወሳሰዱንም አስተካከልኩ። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ እውጠዋለሁ፤ ቁርስና ቡና አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ነው። ካልሲየምና ብረት መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት በአራት ሰዓት ልዩነት አራርቃቸዋለሁ።

የልብ ጥቃት የደረሰበት ሁሉ ይህን መድኃኒት ይፈልጋል ማለቴ ግን አይደለም። የእኔ ቲ4 ጭምር የወረደ ነበር። ቲኤስኤች ብቻ ከፍ ብሎ ቲ4 ደህና በሆነላቸው 95 የልብ ጥቃት ሕመምተኞች ላይ በብሪታንያ የተደረገና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ሌቮታይሮክሲን ከአንድ ዓመት በኋላ የልብን ደም የመርጨት አቅም አላሻሻለም። ቁጥር አይቶ ክኒን ከመጠየቅ በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ሐኪሜ ቀስ በቀስ ጨምረውልኝ አሁን 75 ማይክሮግራም ላይ ነኝ። ኮሌስትሮሌ በዚያው ስታቲን ወረደ፣ ጭኔ ተወኝ። ትናንት ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁት።