ናጋሳኪን ብቻዬን

ስልጠናው አልቋል፤ ወደ አዲስ አበባ እስክንመለስ ቅዳሜና እሁድ የራሳችን ነበር። አብረውኝ ጃፓን የመጡት ልጆች ፉኩኦካ ከተማ ውስጥ ገበያ ሊወጡ ተቀጣጠሩ። እኔ ናጋሳኪ እሄዳለሁ አልኩ። «ብቻሽን? እዚያ ደግሞ ምን አለ?» የድሮ ቤቶች አሉ ስላቸው ሳቁብኝ።

ኪዮቶ ብል ይገባቸው ነበር። ናጋሳኪ ሲባል ግን ሰው ትዝ የሚለው ቦምቡ ብቻ ነው። እኔን የሳበኝ ከዚያ በፊት ያለው ታሪኳ ነው። ጃፓን ደጇን ዘግታ በኖረችባቸው ከ200 በላይ ዓመታት አውሮፓውያን የሚገቡባት ጠባብ በር እዚህች ከተማ ነበረች። ጎንደር ላደገ ሰው ይህ ወሬ እንግዳ አይደለም።

መንገዱ ቀላል ነው። ፉኩኦካ ካለው ሃካታ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ታኬዎ ኦንሰን ላይ መውረድ፣ ከዚያ እዚያው ማዶ የቆመውን ሺንካንሰን (ፈጣኑን ባቡር) መያዝ ነው። መስመሩ በ2022 የተከፈተ ነው (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኛው ዋሻ ስለሆነ መስኮት ጋ ለመቀመጥ መጋፋት ትርፍ የለውም። ከተማው ውስጥ ደግሞ ትራም አለ። ቅርብም ውረጂ ሩቅ ሂሳቡ ያው ነው። ቁልቁለቱና ዳገቱ ግን በእግር ነው፤ ለጎንደር ልጅ አዲስ አይደለም።

መጀመሪያ የሄድኩት ዴጂማ ነው። በ1636 ሥራዋ ያለቀ፣ የእጅ ማራገቢያ ቅርጽ ያላት ሰው ሠራሽ ደሴት ነበረች። ወጪዋን የቻሉት 25 የከተማዋ ነጋዴዎች ናቸው። የታሰበችው ፖርቱጋሎችን ከሕዝቡ ለይቶ ለማስቀመጥ ነው። እነሱ በ1639 ጭራሽ ከአገር ተባረሩ፤ በ1641 ሆላንዶቹ መጥተው ገቡባት። ለነጋዴዎቹ ኪራይ እየከፈሉ ከ200 ዓመት በላይ ኖሩባት። ስፋቷ 15,000 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በቃ፣ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ በሉት። ከአውሮፓ የመጣው መጽሐፍም፣ መድኃኒትም፣ መነጽርም ያለፈው በዚህች ግቢ ነው።

ዛሬ ዴጂማ ደሴት አይደለችም። ዙሪያው ያለው ባሕር ተሞልቶ መንገድ ወጥቶበታል፤ ትራም ያልፍበታል። ቤቶቹም ፈርሰው እንደገና የተሠሩ ናቸው። እኔ አዲስ የተሠራ «ጥንታዊ» ቤት አልወድም። ይሄኛውን ግን ወደድኩት። የድሮ ሥዕሎችን፣ ከቁፋሮ የወጡ መሠረቶችን፣ ሆላንድ አገር የተቀመጠ የዘመኑን ትንሽ ሞዴል እያዩ ነው የሠሩት። የንግድ ጣቢያው አለቃ ይኖርበት የነበረው ቤት ውስጥ ጫማ አውልቄ ገባሁ። መሬቱ ታታሚ የሚባለው የጃፓን የሣር ምንጣፍ ነው። ላዩ ላይ የአውሮፓ ጠረጴዛና ወንበር ተደርድሯል። ሁለት አገር አንድ ክፍል ውስጥ እየተጠባበቀ የኖረ ነው የሚመስለው።

1636 የሚለውን ሳነብ ነው ቆም ያልኩት። ጎንደር የተቆረቆረችውም በዚያው ሰሞን ነው። ፋሲለደስ ጄዝዊቶቹን፣ የሮም ካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ካገር ያስወጣው በ1634 ነው። የእኛዎቹም የጃፓኖቹም ሚሲዮናውያን የሚላኩት በሕንዷ ጎዋ በኩል ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ፣ እርስ በርስ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማይተዋወቁ ሁለት መንግሥታት ለአንድ ዓይነት እንግዳ በር ዘጉ። እኛ ግንብ ሠራን፣ እነሱ ደሴት ሠሩ።

ልጅ ሆነን ይህ ታሪክ የሚነገረን በኩራት ነበር። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ!» ስንል አድገናል። ግቢው አጥር ሥር ስንጫወት ፋሲል መሆን የማይፈልግ ልጅ አልነበረም። ፖርቱጋል የሚሆነው በዕጣ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኦኡራ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በ1864 በእንጨት ተሠርቶ በኋላ በጡብ የሰፋ ነው፤ ጃፓን የአገር ሀብት ብላ ከመዘገበቻቸው የምዕራባውያን አሠራር ያላቸው ሕንጻዎች የመጀመሪያው ነው። ያሠሩት ፈረንሳዮች፣ የሠራው ግን ኮያማ ሂደኖሺን የሚባል የአማኩሳ አናጺ ነው። ውስጡ ቀስት ቀስት የሆነ ጣሪያ፣ ባለ ቀለም መስታወት ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ያያል። ደስ ይላል።

ሕንጻው ከተመረቀ ከአንድ ወር በኋላ፣ በመጋቢት 1865፣ ከኡራካሚ መንደር የመጡ ገበሬዎች በር ላይ ቆሙ። ቄሱ ፔቲዣን ከፈቱላቸው። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ የሁላችንም ልብ ከእርስዎ ልብ ጋር አንድ ነው አለቻቸው። ከዚያ የማርያም ሐውልት የት እንዳለ ጠየቀች። እምነቱ በመላ አገሪቱ ከታገደ 250 ዓመት ሆኖት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ቄስ፣ ልጆቻቸውን ራሳቸው እያጠመቁ፣ የቡድሂስቶችን የርኅራኄ አምላክ ካኖንን ማርያም ናት ብለው እየጸለዩ ቆይተዋል። በየዓመቱ ደግሞ ክርስቲያን አለመሆናቸውን ለማሳየት የክርስቶስን ወይም የማርያምን ምስል በእግራቸው እንዲረግጡ ይደረጉ ነበር። ረግጠው ቤታቸው ገብተው ንስሐ ይጸልያሉ።

የዚያን ቀኗ ሐውልት ዛሬም እዚያው አለች። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። ብቻ መጓዝ ጥቅሙ ይህ ነው፤ እንሂድ የሚል የለም። እና ሳስበው፣ የልጅነት ጨዋታችን ውስጥ ያልነበሩ ሰዎች ታዩኝ። በእርግጥ የእኛና የእነሱ አንድ አይደለም። ሱስንዮስ የሮምን እምነት በአዋጅ ነው የጫነው። ሕዝቡ ተነሳበት፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ። እዚህ ግን መንግሥት የከለከለው ገበሬው በቤቱ የያዘውን እምነት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ቢሆንም እኛም ጋ አልመለስም ያሉ ነበሩ። የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በያዘው ጸንቶ ተጋዘ። ስሙ የማይጠራው ተራ ሰውስ? እሱን የሚጫወት ልጅ ጨዋታችን ውስጥ አልነበረም።

የግላቨር ግቢ እዚያው ጎን ነው። ሁሉም ሰው ሳታይው እንዳትሄጂ ይላል። የስኮትላንዱ ነጋዴ ቶማስ ግላቨር ቤት በ1863 የተሠራ ነው፤ ጃፓን ውስጥ ካሉ የምዕራባውያን የእንጨት ቤቶች በዕድሜ ይበልጣል። የሠራው ያው ኮያማ ነው፤ ሰፊ በረንዳ አውጥቶለት ጣሪያውን በጃፓን ሸክላ ከድኖታል። እይታውም ግሩም ነው፤ ወደቡና የመርከብ መሥሪያው ከታች ይታያሉ። ግን ኤስካሌተሩ፣ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቁ፣ የሠርግ ፎቶው... ቶሎ ወጣሁ።

ምግብ ትንሽ ቸገረኝ። የከተማዋ ኩራት ቻምፖን የሚባል በሾርባ የተጥለቀለቀ ኑድል ነው። አሳማ አለበት። ሥጋውን አውጡልኝ ብዬ ባስረዳም ሾርባው ራሱ ከአጥንቱ ነው። ካስቴላ ኬክና የሩዝ ድቡልቡል ይዤ ወጣሁ። ካስቴላን ያስተማሯቸው ፖርቱጋሎች ናቸው፤ ሰዎቹ ተባረሩ፣ ኬካቸው ቀረ። አክስቴ ማታ ደውላ «ከማን ጋር በላሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከማንም። «ውይ የኔ ልጅ!» አለች፣ የታመምኩ ያህል። ጃፓን ብቻውን የሚበላ ሰው አያስገርምም፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ሁሌም አለ ብላት አላመነችኝም።

በማግስቱ ማለዳ ሶፉኩጂ ገዳም ደረስኩ። በ1629 ከፉጂያን የመጡ ቻይናውያን ያቋቋሙት ነው። አንደኛው በሩ እንጨቱ ቻይና ተጠርቦ በመርከብ የመጣ ነው። ተደራርቦ የተቀረጸውን ሰማያዊና ቀይ ቀለም ለማየት አንገት ይቀጠፋል። እኔ ግን ትልቁ የብረት ድስት ጋ ነው የቆየሁት። በ1680ዎቹ መጀመሪያ ረሃብ ሲገባ መነኮሳቱ ለተራበው ሁሉ ገንፎ የሚያበስሉበት ነው ያሠሩት። ከቆመ ሰው የሚተካከል ድስት ነው። ገዳም ገብቶ ድስት ማየት ያስቃል፤ ግን ከጌጡ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

ከዚያ በትራም ወደ ሰሜን፣ ኡራካሚ። የእነዚያ ገበሬዎች መንደር ናት። እገዳው በ1873 እስኪነሳ ከ3,000 በላይ የሚሆኑት ተግዘው ነበር። ከተመለሱ በኋላ ካቴድራል ሠሩ፤ በ1895 ጀምረው ማማዎቹን በ1925 ጨረሱ። በ1945 ነሐሴ 9 ቀን ቦምቡ የፈነዳው ከዚያ 500 ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ከ12,000 ምዕመናን 8,500 ያህሉ አለቁ። ከማማው የወደቀው ጉልላት ዛሬም ኮረብታው ሥር ተጋድሞ ይታያል።

ፍርስራሹ እንዳለ ይቆይ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በ1958 ግን አነሱት፤ ከግድግዳው አንዱን ክፍል ቦምቡ ወደፈነዳበት መናፈሻ ወሰዱት። በ1959 እዚያው ቦታ አዲሱ ተሠራ። እኔም መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ለዓለም ሁሉ ምስክር የሚሆን ነገር ያፈርሳሉ? በኋላ ግን የቦታውን ታሪክ አነበብኩ። መሬቱ ድሮ የመንደሩ ሹም ግቢ ነበር። ምስሉን እንዲረግጡ የሚደረጉት እዚያ ነው። ምዕመናኑ ከስደት ሲመለሱ ያንን መሬት መርጠው ገዙት። ሌላ ቦታ ሥሩ ሲባሉ እምቢ ያሉት ለዚህ ነው።

የታሪክ ሰዎቹም ክርክር ይገባኛል። ግን ድምፅ ስጪ ብባል ከምዕመናኑ ጋር ነኝ። አዲሱ ሕንጻ እንደ ኦኡራ አያምርም፣ ጡቡም ተራ ጡብ ነው። እሁድ ስለነበር ቅዳሴ ላይ ሞልቶ ነው የደረስኩት፤ ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት የመዝሙር ደብተራቸውን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። አንድም ፊደል አላነብም፤ እሳቸው ግን በጣታቸው እያሳዩኝ እስከ መጨረሻው ድረስ አብረን ተከታተልን።