ሁለት እግር ጎድሎት

ሞዴል 19 ላይ፣ ማለትም በዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ፣ አንዴ የሰፈረ አይፋቅም። ስርዝ ድልዝ ከተገኘ ኦዲተሩ የሚጠራው የንብረት ሠራተኛውን ነው።

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የትምህርት ተቋም ግምጃ ቤት ስሠራ፣ ለባዮሎጂ ላቦራቶሪ የስጦታ ዕቃ መጣ። ከመካከሉ በትልቅ ብልቃጥ፣ በአልኮል የተዘፈዘፈ፣ መላ አካሉ እሾህ የሆነ ሸርጣን አለበት። ወረቀቱ «ወርቃማ ንጉሥ ሸርጣን፣ ሰሜን ፓስፊክ» ይላል። መቆንጠጫዎቹን ጨምሬ እግሩን ቆጠርኩ፤ 8። ደገምኩ፤ 8። በልጅነቴ ከወንዝ የያዝኳቸው ሁሉ 10 ነበራቸው። «2 እግር ጎድሎት ገቢ ሆኗል» ብዬ ፈረምኩ። ትንሽም ኮራሁ።

የባዮሎጂው ዶክተር ሊረከብ መጣ።

«ምን ጎድሎት?»

«እግር፣ ዶክተር። መንገድ ላይ ተሰብሮ ይሆናል።»

ጓንት አጠለቀ፣ አወጣው፣ የጀርባውን ልባስ ከኋላ በወረንጦ ፈልቀቅ አደረገ። ሁለት ቀጫጭን እግሮች ታጥፈው ተኝተዋል።

«እነዚህንስ ምን ልትላቸው ነው?»

ከዚያ ትምህርቱ ቀጠለ። ይሄ የወንዙ ሸርጣን የቅርብ ዘመድ አይደለም፤ የዘር ግንዱ በሰው ቀፎ ከሚኖሩት፣ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተሸክመው ከሚዞሩት ነው። የመጨረሻዎቹን እግሮች ስንጥቡ፣ ማለትም መተንፈሻው፣ ያለበት ክፍል ውስጥ ሸሽጎ ስንጥቡን ያጸዳባቸዋል። እስከ 900 ሜትር ድረስ ጠልቆ ይኖራል። የእኛ ሐይቅ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር ገደማ ነው።

«በዚያ ጨለማ ማን እንዳይቆጥርበት ነው የሚደብቀው?» አልኩ።

አልሳቀም። ካርቶን በሚያወርዱት ልጆች ፊት፣ «ንብረት ክፍል ከመቁጠሩ በፊት ማንበብ ቢለምድ» አለ። ይቺ እስከዛሬ አልወጣችልኝም። መቁጠሬ ልክ ነበር እኮ! የሚታየውን ነው የቆጠርኩት፤ ሥራዬም እሱ ነው።

«በል ሰርዘው።»

«አይሰረዝም፣ ዶክተር።»

ከሥሩ «ጎደሉ የተባሉት 2 እግሮች ከጀርባው ልባስ ሥር ተገኝተዋል» ብዬ ጨመርኩና ሁለታችንም ፈረምንበት።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲደረግ ኮሚቴው ያንን ጮክ ብሎ ያነበዋል። አንዱማ እግሮቹን በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም ብሎኝ ነበር። አብሬ እስቃለሁ።

በመዝገቡ ላይ ከሸርጣኑ ዝቅ ብሎ አንድ ፕሮጀክተር አለ። በዚያው ሳምንት ዶክተሩ «ለአንድ ቀን» ብሎ፣ ያለ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ)፣ በብጣሽ ወረቀት ፈርሞ የወሰደው ነው። ኮሚቴው እዚያ ሲደርስ አይስቅም፤ «በክትትል ላይ» ብሎ ያልፋል።