ቧንቧው ጠብ ሲል በጉልበት አትዝጉት

ጅማ፣ መንቲና ሰፈር የምንኖርበት ቤት የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ማለት የጀመረው ክረምት ላይ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስለሚያድር ማናችንም አልሰማነውም። አንድ ሌሊት አባርቶ ጸጥ ሲል ነው ከወጥ ቤት ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ የመጣው።

ተነሥቼ መዝጊያውን ጠበቅ አደረግኩት። ቆመ። በማግስቱ ትንሽ መጨመር ነበረብኝ። በሳምንቱ በሁለት እጄ መታገል ጀመርኩ። እማዬ እጇን ስለሚያማት መክፈት እያቃታት ለአንድ ጣሳ ውሃ እኔን ትጠራለች። ወር ሳይሞላ ደግሞ የፈለገውን ያህል ብናጠብቀው አልቆም አለ።

ምን ያህል ውሃ እንደሚሄድ ማወቅ ፈለግኩ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከሥሩ አቆምኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እስከ አፉ ሞልቶ አገኘሁት። በቀን 4 ሊትር ማለት ነው። በወር 120 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ስድስት ጀሪካን። ውሃ በጠፋ ቀን አንዷን ጀሪካን ለመሙላት የት የት እንደምንዞር ሳስብ አንጀቴ አረረ።

የቧንቧ ሠራተኛ ደውዬ ጠርቼ ነበር። ትልቅ ሥራ ላይ ስለነበር ለእንዲህ ያለች ጉዳይ ጊዜ አላገኘም፣ አልፈርድበትም። ያኔ ነው ራሴ ልሞክረው ያልኩት። በሕይወቴ ዳዶ ፈትቼ አላውቅም።

ሐሙስ ቀን ሄርማታ ገበያ ሄጄ ስመለስ አንድ የህንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁና ቴፍሎን፣ ያቺን ቧንቧ ላይ የምትጠቀለል ነጭ ስስ ጥቅል፣ ጠየቅኩ። ለሚያፈስ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቴፍሎን ይመስለኝ ነበር። ባለ ሱቁ ሽማግሌ ናቸው። "የኔ ልጅ፣ የሚያፈሰው ከየት ነው?" አሉኝ። ከአፉ እንደሆነ ነገርኳቸው። "ቴፍሎን ለጥርሱ ነው፣ ለአፉ አይሆንም። ፍቺውና ውስጡ ያለውን ጎሚኒ፣ ትንሿን ጎማ፣ ይዘሽልኝ ነይ። ሳላይ አልሸጥልሽም" አሉኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ በግምት ብገዛ ኖሮ ልኩ ያልሆነ ይዤ መመለሴ ነበር። ከአፉ የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ወይም እሱ የሚያርፍበት መቀመጫ ነው። ከመዝጊያው አንገት የሚወጣ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ከመዝጊያው ሥር የሚወርደውን ዘንግ የሚያቅፈው ቀለበት አልቋል ማለት ነው። ቴፍሎን የሚጠቀለለው ቧንቧው ከግድግዳው ጋር በሚታሰርበት ጥርስ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ካቻቢቴ ከቤት፣ እንግሊዝ ቁልፍ ደግሞ ከጎረቤታችን ከጋሼ ተውሼ ጀመርኩ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን ዘጋሁና የወጥ ቤቱን ከፈትኩት። ውሃው መውረዱን አላቆመም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ያው ነው። መዝጊያው ተበላሽቷል ብዬ ልተወው ስል ጋሼ ከአጥር ማዶ "ሮቶውንስ ዘግተሽዋል?" አሉኝ። ለካ የቤቱ ውሃ ከመስመርም ከሮቶም ነው የሚመጣው! መስመሩን ብዘጋም ላይ ያለው ሮቶ ቁልቁል እየለቀቀ ነበር። የሮቶውን መዝጊያ ስዘጋ ውሃው ቀጠነና ቆመ። ይህን ሳላውቅ ፈትቼው ቢሆን ወጥ ቤቱ ይጥለቀለቅ ነበር። ሮቶ ያላችሁ ሁለቱንም ዝጉ፣ ከዚያም ቧንቧውን ከፍታችሁ አንዲት ጠብታ እስክትጠፋ ድረስ ሳታዩ ምንም አትንኩ።

የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንኩ፣ ትንንሽ ነገር እንዳይገባብኝ። መዝጊያው ላይ ያለችውን ሰማያዊ ክዳን በካቻቢቴው ጫፍ አነሣሁ፣ ከሥሯ ያለችውን ብሎን ፈታሁ፣ መዝጊያው ወጣ። እያንዳንዱን ስፈታ በስልኬ ፎቶ አነሣ ነበር፣ ስመልስ በጣም ጠቅሞኛል። ከዚያ የቧንቧውን ራስ በእንግሊዝ ቁልፉ ያዝኩት። እንዳይቧጨር ጨርቅ ጠቅልዬበታለሁ። አልላላም አለ። በሌላ እጄ የቧንቧውን አካል ካልደገፍኩት ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር ሊጣመም እንደሚችል ጋሼ አስጠንቅቀውኝ ስለነበር ደግፌ ቀስ ብዬ ወደ ግራ ገፋሁት። ቀጭ አለና ለቀቀ።

ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ጎሚኒ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር ናት። ቧንቧውን ስንዘጋ ዘንጉ ይወርድና እሷን መቀመጫው ላይ ይጫናታል፣ ውሃው የሚቆመው በዚያ ነው። ለስላሳ ስትሆን ትንሽ መነካት ይበቃታል። የኛዋ ግን እንደ ድንጋይ ደርቃለች፣ ዙሪያዋን የመቀመጫው ቅርጽ ታትሞባታል፣ አንዱ ጎኗም ተቆርጧል። መቀመጫው ላይ ደግሞ ትንሽ የአሸዋ ቅንጣት ተጣብቆ አገኘሁ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ አይደል? ቅንጣቱ በዚያ ገብቶ ነው መሰለኝ ውሃው ትንሽ ማምለጥ የጀመረው፣ እኔ ደግሞ ባጠበቅኩ ቁጥር ጎሚኒዋን አሸዋው ላይ እየጫንኩ ቆረጥኳት። መጀመሪያውኑ ፈትቼ ጠርጌው ቢሆን ምናልባት ያችው ጎሚኒ ትሠራ ነበር። ይሄ በጣም ቆጨኝ።

ጎሚኒዋን በወረቀት ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ሽማግሌው ሱቅ ሄድኩ። አይተው ልኳን ሰጡኝ፣ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ነው። ሁለት ትርፍም ገዛሁ፣ ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይርቅም። የጋሼ ቤት ቧንቧ ግን እንዲህ ዓይነት ጎሚኒ የለውም። በአንድ እጅ ወደ ላይ የሚነሣው ዓይነት ስለሆነ ውስጡ ያለው ካርትሬጅ የሚባለው ክፍል እንዳለ ነው የሚቀየረው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ።

አዲሷን አስገብቼ፣ ዘንጉን ወደ ክፍት በኩል አዙሬ ራሱን አሰርኩት። ተዘግቶ ከታሰረ ጎሚኒዋ መቀመጫው ላይ ተጨፍልቃ ትበላሻለች። ውሃውን ለቀቅኩ። መንጠባጠቡ ቀነሰ እንጂ አልቆመም፣ በደቂቃ አንድ ሁለት ጠብታ። ተስፋ ልቆርጥ ነበር። እንደገና ዘግቼ ፈታሁና በጣቴ መቀመጫውን ዳሰስኩ፣ አንድ ቦታ ሻካራ ነው። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እርሳስ ጫፍ ላይ ጠቅልዬ በቀስታ ዙሪያውን አሸሁት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩት፣ መልሼ አሰርኩ።

ማታ ያንኑ ሃይላንድ ከሥሩ አቁሜ ተኛሁ። ጠዋት ደረቅ ነበር።

አሁን ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የምከፍተው የግቢውን ቧንቧ ነው፣ ድፍርሱ በዚያ ይውጣ። የወጥ ቤቱን የምንከፍተው ከጠራ በኋላ ነው።

እማዬ በዚያው ጠዋት ጀበናዋን ልትሞላ ገባች። በሁለት ጣቷ ከፈተችው፣ በሁለት ጣቷ ዘጋችው። እኔን አልጠራችኝም።