26 ኩንታል ሲሚንቶ ያስከፈለኝ ቻይንኛ

የቻይንኛ አስተርጓሚ ልሁን የምትሉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ትምህርቱን ቶሎ ልለፈው። ቻይና፣ ቲያንጂን ከተማ ሁለት ዓመት ተማርኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ፣ ተመለስኩ፣ በጅማ መስመር አንድ የመንገድ ሥራ ላይ ተቀጠርኩ። «ማ» የምትለዋ ድምፅ እንደ አወጣጧ እናትም፣ ፈረስም፣ ስድብም እንደምትሆን ለዘመድ አዝማድ ሳስረዳ ከረምኩ። ጉረኛ ነበርኩ።

ሰፈር የሚጠይቀኝ ግን ሌላ ነው። «በዚያች ዓይን በደንብ ያያሉ?» ያያሉ። ልዩነቱ የዓይን ቆብ እጥፋት ነው፤ ከማየት ጋር ምንም አያገናኘውም። «ፊደላቸው ስንት ነው?» እንደኛ ሀ ሁ የለም፤ ጋዜጣ በወጉ ለማንበብ 3,000 ገደማ ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል። «እንዴት ትለያቸዋለህ?» እዚህ ላይ አፍራለሁ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ፣ ሳይት ላይ ሁሉም ቢጫ ሄልሜት ሲያደርጉ ጠፉብኝ። የቀያሹን ወረቀት ወስጄ ለመካኒኩ ሰጠሁት። ሳቀና «እኛም እናንተን አንለይም፤ አንተን የማውቅህ በጫማህ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ፊት ማጥናት ትቼ አካሄድ ማጥናት ጀመርኩ። ይሠራል።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ፎርማናችን ሲቹዋን ከሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ነው። በተማርኩት ቻይንኛ አራት «ስ» ነው፣ አሥር ደግሞ «ሽ»። 14 «ሽ-ስ»፣ 40 «ስ-ሽ» ይሆናል። ሲቹዋን ውስጥ ግን ብዙ ሰው «ሽ»ን ወደ «ስ» ስለሚወስዳት ሁለቱም «ስ-ስ» ሆነው ቁጭ ይላሉ። እነሱ በቃናው ይለዩታል፤ ቃናቸው ደግሞ እኔ የተማርኩት አይደለም። ሰውዬው ደወለ፣ ከኋላው ሮለር ይጮኻል፣ ለካልቨርቱ (ከመንገዱ ሥር ለሚያልፈው የውኃ ማሳለፊያ) «ስ-ስ» ኩንታል ሲሚንቶ ላክ አለኝ። ምን አለበት «ይድገሙልኝ» ብል? በዚያው ሳምንት «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» ተብዬ ነበር። ኩራቴን ይዤ 40 ብዬ ጻፍኩ።

የፈለገው 14 ነበር። የተረፈው 26 ኩንታል፣ 52 ከረጢት ማለት ነው፣ መጠለያ በሌለበት ሜዳ ላይ በአንዲት የተቀደደች ሸራ አደረ። ሐምሌ ነው። ጠዋት ድንጋይ ሆኖ አገኘነው።

ያናደደኝ ግን የአስተዳደር ኃላፊው ነው፤ ያውም የአገሬ ሰው። ማብራሪያ ጻፍ አለኝ፣ ሁለት ገጽ ጻፍኩ፣ አላነበበውም። «ቻይንኛ ቻይንኛ ነው፤ ተምሬያለሁ አላልክም?» አለኝ። የጓንግዶንግና የቤጂንግ ሰው በየአፉ ቢያወራ እንደማይግባባ፣ የሚያገናኛቸው ጽሕፈቱ እንደሆነ ነገርኩት። «አማርኛና ትግርኛ አንድ ፊደል ነው የሚጽፉት፤ ታዲያ እርስዎ ትግርኛ ይሰማሉ?» አልኩት። «ሰበብ አታብዛ» ብሎ የሦስት ወር ደመወዜ ላይ ቆረጠ። የመጋዘኑን ሰው ሸራው ለምን ተቀደደ ብሎ የጠየቀው የለም።

ፎርማኑ ሲሰማ አልጮኸም። ሁለት አመልካች ጣቶቹን አጣምሮ መስቀል ሠራና አሳየኝ፤ አሥር ማለት ነው። ከዚያ አራት ጣት ዘረጋ። እንዲህ ቀላል ነበር!

አስተማሪዎቻችን በእጅ ማውራት የሰነፍ ነው ይሉን ነበር። አትስሟቸው። ቁጥር በእጅ አስቆጥሩ፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ስድስት ነው፣ እንደ ሽጉጥ የተቀሰረው ስምንት። በስልክ ከሆነ በመልእክት ይጻፉላችሁ። አዲስ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የየት አገር ልጅ እንደሆነ ጠይቁ። ደግሞ «ቻይና!» ብላችሁ አትጥሩ፤ ቃሉን ሁሉም ያውቁታል። የሙያ ሰው ከሆነ «ሺፉ» በሉት። የእኛው ፎርማን ግን ራሱን «ስፉ» ነው የሚለው።

ያ ሲሚንቶ አልተጣለም። ዘበኛው ከረጢቱን ልጦ ካምፑ በር ላይ ደረጃ ሠራበት። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ደመወዜን ነው የምረግጠው።