ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?

አዲስ አበባ ያለ የድሮ የባንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። «አሜሪካ፣ ናሽቪል ስቱዲዮ ትሠራለህ አሉ። በቃ ተሳካልህ! ከማን ጋር ነው የምትጫወተው? ቪዲዮ ላክ እንጂ።»

ምን ቪዲዮ አለ ወንድሜ! የስቱዲዮ ቤዝ ተጫዋች አይታይም። ዓለም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጨፈረባቸውን፣ ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ያወጣቸውን ዘፈኖች የተጫወተው ጀምስ ጀመርሰን እንኳ አብዛኞቹ ሸክላዎች ላይ ስሙ የለም።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። የሚቀዳው የሮክ ዘፋኝ ነው። እኔ አገር ቤት ስንቱን ዘፋኝ በጆሮ ብቻ ተከትዬ ያነጋሁ ሰው ነኝ። ወረቀት ሰጡኝ። ኖታ የለም፣ ቁጥር ብቻ፦ 1 1 4 5፣ ከሥሩ 6 4 1 5። አንዳንዱ ቁጥር በአልማዝ ቅርጽ ተከቧል። ዘፋኙ «ከበደኝ፣ አንድ ቶን ዝቅ እናድርገው» አለ። ወረቀቱን የነካ የለም። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ኮርድ ነው፤ 1 የቅኝቱ መነሻ ስለሆነ ቶኑ ቢወርድም ቁጥሩ ያው ነው። እዚሁ ከተማ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የመጣ ዘዴ ነው። ጆሮዬ አላሳፈረኝም፣ ተከተልኩ። አልማዙ ጋ ስንደርስ ግን ሁሉም አንዴ መትተው ድምፁን ለቀቁት! እኔ ብቻዬን እደልቃለሁ። ለካ አልማዝ ማለት «አንዴ መትተህ ይጩህ ተወው» ነው። ልጄ የሚሆን ኪቦርዲስት መጥቶ እንደ የኔታ በጣቱ እየጠቆመ ቁጥር ያስቆጥረኝ ጀመር። ያ ሁሉ ሰው እያየ!

ቂሜን ተወጥቻለሁ። በሻይ ሰዓት ችክችካ ጀመርኩ። ያ ሁሉን አዋቂ ድራመር «አንዱ፣ የመጀመሪያው ምት፣ የት ጋ ነው?» እያለ ላቡ ጠብ አለ። አልነገርኩትም።

የእኛም ሰው ቢሆን ያው ነው። ሐበሻ ምሽት ላይ ዶላሩ ዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጠፋል፤ ቤዝ ተጫዋቹን እትዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ቀን ቀን ምን ትሠራለህ?» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ መጋዘን እሠራለሁ። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ከዋልያስ ባንድ ጋር መጥቶ የቀረው ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ እንኳ ዋሽንግተን ታክሲ ነድቷል። ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር።

ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ ቁጥሩን እዚያው ተማሩት። ማሳመሪያ ቀንሱ፤ እዚህ የሚከፈላችሁ ለዘለላችሁት ኖታ ጭምር ነው። መንጃ ፈቃድ አውጡ፣ አምፕሊፋየር ተሸክሞ አውቶቡስ የለም። ቀረጻው የሚቆየው ለ3 ሰዓት ነው፣ የሚጀምረውም ቤዛችሁ ተቃኝቶ ነው። «ደርሻለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ» የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።