ጥፋቱ የሐረጎ መስሎኝ

ሞተሬ ደሴ ላይ ጨዋ ናት። ኮምቦልቻ ስትወርድ ታብዳለች። ሁለት ወር ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ያወራሁት ይሄንኑ ነው። መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ «አየሩ ነዋ!»

ነገሩ እውነት ይመስላል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ በመሀል የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ስትወርድ ጆሮህ እንኳ ድፍን ይላል። ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ደግሞ ከፍታ ያውቃል። ሽቅብ ስትወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ አየሩ ይጨምርና ቤንዚኑ ያንሰዋል። እና አምኜ ቁጭ አልኩ።

ጠዋት ደሴ ላይ ሚኒሞዋ፣ ማለትም ቤንዚን ሳልሰጣት የምትዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 1,400 ዙር ነው፣ ፀጥ ብላ ትሠራለች። ኮምቦልቻ ገብቼ ፍሪሲዮን ስይዝ ግን፣ ቤንዚን ሳልሰጣት 3,000 ላይ ተሰቅላ ትጮኻለች፣ መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያየኝ፣ ከዚያ ቀስ እያለች ትወርድና ድንገት ድርግም። አስነሳታለሁ፣ እንደገና ጩኸት።

(ሚኒሞ የጣልያን ቃል ነው። ካንዴላ (እሳት የሚረጨው)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው)፣ ካቻቢቴም (ብሎን መፍቻው) እንደዚያው። ሰዎቹ ሄዱ፣ ቋንቋቸው ጋራዥ ውስጥ ቀረ።)

ኮምቦልቻ የማውቀው መካኒክ አየት አድርጓት የሚኒሞውን ብሎን ላላ አደረገ። ዝም አለች። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ማታ ደሴ ስደርስ ቆም ባልኩ ቁጥር መጥፋት ጀመረች። በማግስቱ ብሎኑን መልሶ አጠበቀው፣ ጩኸቱ ተመለሰ። እንዲህ ስናላላ ስናጠብቅ አራቴ ተመላለስን። «አብሽር፣ ዛሬ ትስተካከላለች» ይለኛል በየቀኑ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም፣ ግን ችግሩን ሳይሰማ ካቻቢቴው ይቀድመዋል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ጓደኛዬ ነው። ሞተሩ ከኔ ጋር አንድ ዓይነት ናት፣ እሱም ያንኑ መንገድ በየቀኑ ይመላለሳል። «ያንተስ ኮምቦልቻ ላይ አትጮህም?» አልኩት። «ኧረ ምንም አትልም» አለኝ። በቃ፣ አየሩ ለሁለታችንም አንድ ነው፣ ሐረጎም አንድ ነው። እና የኔዋ ብቻ ምን ነካት?

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ግቢ ውስጥ ራሴ ተቀመጥኩባት። መጀመሪያ ማርሹን ዜሮ አድርጌ፣ ሞተሩ እንደተነሳ መሪውን ወደ ግራ ጥግ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ድምጿ አልተለወጠም። የቤንዚን መስጫው ገመድ የተወጠረ ቢሆን ኖሮ መሪው ሲዞር ዙሩ ይጨምር ነበር። ስለዚህ ገመዱ ነፃ ነው። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈታሁ። ጫፉ ነጣ ብሏል። ጥቀርሻ ቢይዝ ኖሮ ቤንዚን በዝቷል እል ነበር፣ ነጭ ሲሆን ግን አየር በዝቷል ማለት ነው።

ታዲያ አየሩ በየት ገባ? በካርቡሬተሩ ካለፈ ቤንዚኑን ይዞ ነው የሚገባው። ካርቡሬተሩ የማያውቀው አየር መግባት የሚችለው ከሱ በኋላ ነው፣ ማለትም እሱንና ሞተሩን በምታገናኘው አጭር ጎማ በኩል። ከላይ ሳያት ደህና ናት፣ እንዲያውም አዲስ ትመስላለች።

ከፋርማሲ ሲሪንጅ ገዛሁ። መርፌውን አውልቄ ውሃ ሞላሁትና ሞተሩ ሞቆ እየጮኸ የጎማውን ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ከላይ ምንም። በጎን ምንም። ከሥር ሲነካው ጩኸቱ ወዲያው ወረደ፣ ከአፍታ በኋላ ተመለሰ። ደገምኩት፣ ያው ነው። ውሃው ቀዳዳውን ለቅጽበት ሲደፍነው አየሩ ይቋረጣል ማለት ነው። ይሄንን በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ። የጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት ግን እብደት ነው፣ ውሃ ይበቃል።

ጎማውን ፈትቼ በእጄ ሳጎብጠው የጥፍር ያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ጠዋት ደሴ ላይ ጎማው ቀዝቅዞ ስንጥቁ ግጥም ይላል፣ በዚያ ላይ ከፍታው ቤንዚኑን ስለሚያበዛው የሚሾልከው ትንሽ አየር አይታወቅም። ቁልቁል ስወርድ ሞተሩ ይግላል፣ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ቤንዚኑም ያንሳል። «አየሩ ነው» ያሉኝ ሰዎች ግማሽ እውነት ነበራቸው። ደሴ በሽታውን ስትደብቅልኝ ነው የከረመችው።

ለጊዜው ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ቆርጬ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩበት፣ በሽቦ አሰርኩትና ሐረጎን ወጣሁ። ሰኞ አዲሱን ጎማ ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ የቀረው እኛው ያበላሸነውን መመለስ ነበር። የሚኒሞው ብሎን ሌላ ነው፣ የአየሯ ብሎን ሌላ ናት፣ ልጁ ሁለቱንም ነካክቷቸው ነበር። የኔዋ ላይ ትንሿ ብሎን በፊልትሮው (በአየር ማጣሪያው) በኩል ነው ያለችው፣ ስለዚህ ስትላላ አየር ትጨምራለች። በሞተሩ በኩል ብትሆን ግን የቤንዚን ናት፣ ስትላላ ቤንዚን ነው የምትጨምረው። ይሄን ሳይለዩ የሚነካኩ ብዙ ናቸው። ሞተሩን አሥር ደቂቃ አሙቄ፣ ብሎኗን በቀስታ ዘግቼ አንድ ዙር ተኩል ከፈትኳት፣ ዙሩ ከፍ ያለበትን ቦታ እየፈለግኩ ትንሽ ትንሽ አንቀሳቀስኳት፣ በመጨረሻ ሚኒሞውን 1,400 ላይ አወረድኩት።

ማክሰኞ ኮምቦልቻ ወርጄ ጋራዡ በር ላይ ሳትጠፋ አቆምኳት። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አዳመጣትና የተሰነጠቀውን ጎማ ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠው። ትንሽ ዝም አለ። «ሲሪንጁ አለህ?» አለኝ። ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።