ማንም ሳይቀሰቅሰው መልእክት የላከው ነርቭ

ጥርሴን ያስነቀልኩት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሐኪሙ ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ወጉኝና ትንሽ ቆይቶ ከንፈሬ የራሴ አልመስል አለኝ። «ነርቩን ምን አደረጉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የሶዲየም በሮቹን ነው የዘጋኋቸው» አሉኝ፤ ሶዲየም ወደ ነርቩ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ማለታቸው ነው። ይቺ «በር» የምትል ቃል ቤት ድረስ ተከተለችኝ።

ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ በፓይተን ኮድ አንድ አክሰን፣ ማለትም መልእክት የሚያስተላልፈውን የነርቭ ክር፣ ሠራሁ። እኩልታዎቹን ሳይንቲስቶቹ ሆጅኪንና ሃክስሊ በፈረንጆቹ 1952 ያሳተሟቸው ናቸው፤ የለኩትም ስኩዊድ የተባለውን የባሕር እንስሳ ግዙፍ አክሰን ነበር። ጊዜውን በ0.1 ሚሊሰከንድ እየዘለልኩ ሳሰላ ቁጥሮቹ ዱር ገቡ። ወደ 0.01 ሳወርደው ተረጋጋ። ከዚያ የሶዲየም በሮቹን የማሳለፍ አቅም እየቀነስኩ ሄድኩ። መጀመሪያ መልእክቱ ዘገየ። ቀጥሎ ቁመቱ አጠረ። በመጨረሻ መንገድ ላይ ጠፋ። የደነዘዘ ከንፈሬን ስክሪኑ ላይ አየሁት።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዋናው ነገር ያመልጠኝ ነበር። እነዚህ እኩልታዎች በሮቹን በጅምላ ነው የሚያዩት። አንዱ በር ግን ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ፤ መቼ እንደሚከፈትም ዕድል አለበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በር ዕጣ የሚያወጣ ኮድ ጻፍኩ። የአክሰኑን ውፍረት 0.1 ማይክሮሜትር አደረግኩት። ምንም ሳልቀሰቅሰው መልእክት ላከ።

ኮዱ ተሳስቷል ብዬ ሁለት ማታ ፈተሽኩ። በሦስተኛው መብራት ጠፋ፤ ሻማ አብርቼ ወረቀት ላይ ማስላት ጀመርኩ። በካሬ ማይክሮሜትር 60 በር ነበር የሰጠሁት። በዚያ ቅጥነት 1 ማይክሮሜትር ርዝመት ላይ የሚደርሰው 19 በር ገደማ ብቻ ነው! ውስጡ ጠባብ ስለሆነ በአንድ በር የሚገባው ሶዲየም ቮልቴጁን ብዙ ያነሳዋል፤ ጎረቤት በሮችም ተከታትለው ይከፈታሉ። መብራት ሲመጣ ውፍረቱን 1 ማይክሮሜትር አደረግኩት፤ ጸጥ አለ። ስህተት የመሰለኝ ራሱ ጉዳዩ ነበር። በሮቹን መጀመሪያ ብቆጥር ኖሮ ሁለቱ ማታዎች ባልባከኑ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። የዕጣውን መነሻ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ዕጣ ማውጣት የሚጀምርበትን) ስላልመዘገብኩ ያቺን የመጀመሪያ መልእክት ደግሜ ማግኘት አልቻልኩም። አሁን ግራፍ ሳልሥል በፊት እሱን ነው ደብተሬ ላይ የማሰፍረው።

ለቁጥጥር ስመለስ ለሐኪሙ አዲሱን ግራፍ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ቆይተው አዩትና አንዷ ጫፍ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይቺን ማን ቀሰቀሳት?»

«አንድ በር» አልኳቸው።